የመቶ ሚሊ እንጨት

ሰውየው በትክክለኛ ስሙ የሚጠራው ባንክ ቤትና ሐኪም ቤት ብቻ ነበር። ሌላው ዓለም የሚያውቀው ሚሊሜትር ብሎ ነው። ፊት ለፊት ሲሆን «ጋሽ ሚሊ» ይሉታል፤ ዞር ሲል ደግሞ ምን እንደሚሉት እሱም ያውቃል፣ ግን ግድ የለውም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ቶርኖ ላይ ቆሞ ብረት ሲልጥ የኖረ፣ በሸሚዝ ኪሱ እስክሪብቶ ሳይሆን ካሊፐር፣ ያን ሚሊ የሚለካ መሣሪያ፣ ይዞ የሚዞር ሰው ነው። ሚስቱ የታሪክ አስተማሪ ነች። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እኔንም ያገባኝ በካሊፐር ለክቶ ነው፤ ትርፍ ነገር ቢያገኝብኝ ኖሮ ይልጠኝ ነበር» ትላለች። እሱ አይስቅም፣ አይቆጣምም፤ ሻዩን ያማስላል።

የሥራ ቀናቱ የቶርኖ ናቸው፤ እሑዱ ግን የመኪና ውድድር ነው። ውድድር ስላችሁ ታዲያ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቦታው የተተወ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ አስፋልቱ ተሰነጣጥቋል፣ በየመታጠፊያው አሮጌ ጎማ ተከምሯል። ተወዳዳሪዎቹም የጥርስ ሐኪም፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ፖስታ አዳይ፣ ሁለት ወንድማማች ቧንቧ ሠራተኞች፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ሽልማቱ ደረቷ ላይ የተወለጋገደች አንዲት ዋንጫ ነች። ለዚች ዋንጫ ግን ሰው ከሰው ተኮራርፎ ዓመት ይከርማል፤ ጉድ እኮ ነው!

የሚያኮራርፋቸው ደግሞ ደንቡ ነው። የውድድሩ ክለብ ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው «የቤት መኪና» ይባላል፦ ታርጋው፣ ቦሎው፣ ኢንሹራንሱ የተሟላ፣ ከቤቱ በራሱ ጎማ መጥቶ በራሱ ጎማ የሚመለስ፣ የኋላ ወንበሩ ያልተነቀለ፣ ማርሚታው ሕፃን የማይቀሰቅስ፣ ከመሬት እስከ ሆዱ ድረስ ቢያንስ መቶ ሚሊ ክፍተት ያለው። ሁለተኛው «የተሻሻለ» ነው፤ እዚህ ወንበር ይነቀላል፣ ውስጡ የብረት ቀፎ ይበየዳል፣ ስልሳ ሚሊ ይበቃል። ይሄኛው ግን መንገድ ላይ ከወጣ ትራፊክ ፖሊስ ይወርሰዋል፤ ስለዚህ በጭነት መኪና ተጭኖ ነው የሚመጣው። ሦስተኛው «ነጻ» ነው። የነጻው ደንብ ባጭሩ አራት ጎማ ይኑረው፣ ፍሬኑ ይያዝ፣ ነጂው ይጸልይ ነው።

ጭቅጭቁ ሁሉ በድንበሩ ላይ ነው። መንገድ ላይ ሕጋዊ የሆነው ሜዳው ላይ ሕገ ወጥ ይሆናል፣ ሜዳው የፈቀደውን ቦሎ ሰጪው ይከለክላል። አንዱ ለደኅንነቴ ብዬ ብረት በየድኩ ይላል፤ እንግዲያው ወደ ተሻሻለው ውጣ ይባላል፤ እዚያ ደግሞ በዚች ሞተር ማንን ላሸንፍ ብሎ ያለቅሳል። ለዚህ ሁሉ መልስ የነበረው ሚሊሜትር ነው። የመንገድ ትራንስፖርቱን መመሪያና የክለቡን ደንብ ጎን ለጎን አድርጎ፣ የት እንደሚገጥሙና የት እንደሚጣሉ በእርሳስ ምልክት አድርጎባቸዋል። የክለቡ ፈታሽ እሱ ነበር። እሱ አለፈ ካለ አለፈ፣ ወደቀ ካለ ወደቀ ነው።

የመቶ ሚሊዋን ነገር የሚፈታው በእንጨት ነበር። በፊት ሰው ሁሉ የየራሱን ሜትር እያመጣ፣ አንዱ ሲስብ ሌላው ሲያጥፍ፣ ሊደባደቡ ነበር። ሚሊሜትር አንድ ቀን ከፈረሰ በር የወጣ ጠንካራ ወጋግራ ቆረጠ፣ ላገው፣ ልክ መቶ ሚሊ አድርጎ ቀይ ቀለም ቀባውና «ይኸው» አላቸው። መኪናው ስር ይገፋል፤ ከገባ አለፈ፣ ካልገባ ወደቀ። ደንቡም ላይ በራሱ እጅ «መለኪያው እንጨቱ ነው» የሚል መስመር ጨመረ። ጭቅጭቁ ቀጥ አለ፤ ሰውም መረቀው።

አሁን ወደ ወንድሙ ልምጣ።

ወንድሙ በሰባት ዓመት ያንሰዋል። ሥራው የመኪና ወንበር መስፋት ነው፤ ቆዳና ስፖንጅ ሲቆርጥ ይውላል። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ስላረፈ ጫማ ማሰርም መኪና መንዳትም ያስተማረው ሚሊሜትር ነው። በመንዳቱ ግን ተማሪው ከአስተማሪው በለጠ። እጁ ወርቅ ነበር፤ መሪ ሲይዝ የሚያቅፍ እንጂ የሚያዝ አይመስልም። አንዲት አሮጌ ሰማያዊ መኪና ነበረችው። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ጥቅል ቆዳ ትጭናለች፣ ሐሙስ ሐሙስ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናታቸውን ሐኪም ቤት ታደርሳለች፣ እሑድ ትወዳደራለች። ከቤት መኪናም የቤት መኪና እሷ ነበረች።

ነገር የመጣባት እሑድ እንግዲህ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነች። የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ነበር፤ ወንድምየው ካሸነፈ ዋንጫዋ የሱ ናት። እናትየውም በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ልየው ብለው መጡ። በታጣፊ ወንበር ተቀምጠው፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው፣ ጎናቸው ያለችውን የፖስታ አዳዩን ሚስት «የትኛው ነው የኔ? ሰማያዊው አይደል?» እያሉ ሲጠይቁ ዋሉ። ለሦስት ቀን ያላቋረጠ ዝናብ ጥሎ ነበር። እንጨቱ ሚሊሜትር ቅዳሜ መስመር ሊያሰምር ሲመጣ ካቆመበት፣ ከመፈተሻው ጣሪያ ጠብታ ስር፣ እንደቆመ አደረ። ማን ልብ ይለዋል? እንጨት ነው።

ወንድምየው አሸነፈ። ማሸነፍ ብቻ ሳይሆን ዳቦ ጋጋሪውን በሦስት መኪና ርዝመት ጥሎት ገባ። ከዚያ እንደ ደንቡ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ለፍተሻ ቆሙ። የሌሎቹ ሁለት መኪኖች ከፍ ያሉ ስለነበሩ እንጨቱ ሰተት ብሎ ገባ። የሰማያዊዋ ሞላ አርጅቶ በጥቂቱ ተቀምጧል፤ እንጨቱ ከሻንሲዋ ስር ደርሶ ገታ አለ። ሚሊሜትር ጎንበስ ብሎ እንደገና ገፋው። አልገባም።

«ጋሼ፣ በሜትር ለካው እስቲ» አለው ወንድሙ፣ የራስ ቁሩን ገና ሳያወልቅ።

«መለኪያው እንጨቱ ነው።»

«እሱማ አውቃለሁ። እኔ ግን ምንም አልነካኋትም። ዝቅ ባደርጋት እማዬ በምን ጉልበቷ ትገባባታለች? በየሐሙሱ እኮ የምጭናት እኔ ነኝ!»

እዚህ ላይ ሚሊሜትር ለአፍታ አመነታ፤ ሐሰት አይነገርም። ካሊፐሩ ኪሱ ውስጥ ነበር፣ ሜትሩም መሣሪያ ሳጥኑ ላይ። ግን ከኋላ ሰው ተኮልኩሏል፣ ከመሃል አንዱ «ወንድሙ አይደል እንዴ፣ ያሳልፈዋል» አለ። ይቺ ነገር ሚሊሜትርን እንደ እሳት ፈጀችው። ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት ሜትሩን ያነሣ ነበር። ወንድሙ ስለሆነ አላነሣም። ቀና ብሎ «ወድቋል» አለ፣ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማው።

ድምፅ ማጉያውን የሚይዘው ሰው ቅጽል ስሙ ራዲዮ ነው፤ ወሬ አያድርም እሱ ዘንድ። ወዲያው «ከደንብ ውጪ በሆነ መኪና በመወዳደሩ ውጤቱ ተሰርዟል፤ ዋንጫው ለዳቦ ጋጋሪያችን!» ብሎ ሜዳውን ሞላው። እናትየው ወደ ፖስታ አዳዩ ሚስት ዞር ብለው «ከደንብ ውጪ ማለት ምን ማለት ነው?» አሏት።

«አጭበርብሯል ማለት ነው፣ እናቴ» አለቻቸው። ክፋት የላትም፤ ተጠየቀች፣ መለሰች።

ከዚያ በኋላ ወንድምየው ሜዳውን አልረገጠም። በሁለት ወሩ ሰማያዊዋን ሸጣት። ሱቁንም ወደ ከተማው ማዶ አዛወረ። እናቱን የሚጠይቀው ሚሊሜትር በማይመጣባቸው ቀናት ብቻ ሆነ። ሚሊሜትር ይህን ሁሉ ኩርፊያ ብሎ ተረጎመው፤ «ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ይጠይቅ እንጂ እኔ ምን አደረግኩ?» ይላል ሚስቱ ስታነሣበት። እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቱ ዘንድ ምሳ ይበላ ነበር። እናትየው ሳህኑን እየሞሉ «አንተስ ቀጥ ያልክ ልጅ ነህ። ለወንድምህ እንኳ አላደላህም። የአባትህ አጥንት ነህ» ይሉታል። ደስ ይለው ነበር። ምን ይደበቃል፣ በጣም ደስ ይለው ነበር። እንዲህ ስድስት ዓመት ቆይተው እናትየው አረፉ፤ ለቀብሩ ሁለቱ ወንድማማቾች ጎን ለጎን ቆመው ሲያበቁ በየፊናቸው ሄዱ።

ነገሩ የወጣው ባለፈው ክረምት ነው። እንጨቱ ጠርዙ ተሸራርፎ ቀለሙም ለቆ ስለነበር ክለቡ «ጋሽ ሚሊ፣ እስቲ የአሉሚኒየም ሥሩልን» አለው። ደስ ብሎት ሠራ። ሲጨርስ አዲሱንና አሮጌውን፣ ልክነቱ በተረጋገጠው የብረት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቆማቸውና በላያቸው ላይ ጣቱን ሳብ አደረገ። ጣቱ ደረጃ አገኘ። እንጨቱ ይበልጣል።

መጀመሪያ አሉሚኒየሙን ጠረጠረ፤ ለካው፣ መቶ። ቀጥሎ ካሊፐሩን ጠረጠረ፤ ሌላ አምጥቶ ለካ፣ ያው። እንጨቱ መቶ ሦስት ሚሊ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ነበር፤ እንጨቱም የከረመው የሚያፈስ የመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነው። ሚሊሜትር እንጨቱን ከማሞቂያው አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ጠዋት ጠዋት እየለካ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይጽፋል። መቶ ሦስት። መቶ ሁለት ተኩል። መቶ ሁለት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መቶ።

ክው አለ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ብረት ሲሞቅ እንደሚረዝም እያወቀ የኖረ ሰው፣ እንጨት ውሃ ሲጠጣ እንደሚያብጥ ጠፍቶት ነው? አልጠፋውም፤ የቤቱ በር በክረምት አልዘጋ ሲል በመላጊያ የሚያርመው እሱ ራሱ ነው። ግን ያ እንጨት ለሱ እንጨት መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ ደንብ ሆኗል። የሰው መኪና ሁሉ የተለካበትን ነገር ከተሠራበት ቀን ወዲያ አንድም ቀን አልለካውም።

የፍተሻ ደብተሩን አወጣና የዚያችን እሑድ ገጽ ፈለገ። በራሱ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ «ዝናብ። ሰማያዊ፦ እንጨት አልገባም። ወድቋል» ይላል።

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ትለኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትለውም ይገባው ነበር። እሷ ግን አልቀለደችም። የምታርመውን ፈተና ወደ ጎን አድርጋ «ሂድ ንገረው» አለችው።

«እሄዳለሁ። ግን ስሙ የጠፋው በድምፅ ማጉያ ነው፤ መጀመሪያ በድምፅ ማጉያ ይመለስ።»

በሚቀጥለው እሑድ ከውድድሩ በፊት፣ ነጂዎቹ ለመመሪያ ሲሰበሰቡ፣ ማጉያውን ከራዲዮ እጅ ተቀበለ። በሕይወቱ ማጉያ ይዞ አያውቅም፤ በጣም ስለቀረበው ጮኸበት። እንጨቱን አንሥቶ አሳያቸው። «ይህ እንጨት ውሸታም ነው» አለ። «እኔም ሳላጣራ ተናግሬበታለሁ። ያን ዓመት ያሸነፈው ወንድሜ ነው። መኪናዋ ደንበኛ ነበረች። የወደቀው ፈታሹ ነው።» ከዚያ ፈታሽነቱን መልቀቁን ተናገረ።

የክለቡ ሊቀ መንበር የሆነው የጥርስ ሐኪም «ጋሽ ሚሊ፣ አሁን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል እኮ፤ አሥራ አንድ ዓመት?» ብሎ ሊያለዝበው ሞከረ። ዳቦ ጋጋሪው ግን ቤቱ ነድቶ ሄዶ ዋንጫዋን በዳቦ ከረጢት ጠቅልሎ አመጣት። «ያን ቀን በሦስት መኪና ነው የጣለኝ። ባየኋት ቁጥር ትከብደኝ ነበር» አለ።

ሚሊሜትር ሰኞ ጠዋት ዋንጫዋንና እንጨቱን ይዞ ከተማውን ተሻገረ። የወንድሙ ሱቅ ጠባብ ነው፤ ቆዳና ማጣበቂያ ይሸታል፣ ጥግ ላይ የተገሸለጡ ወንበሮች ተደራርበዋል። ወንድሙ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አድርጎ የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሷል። ፀጉሩ ሸብቷል። ቀና ብሎ አየው፤ አልደነገጠም።

«ጋሼ» አለ። «ቁጭ በል፤ ያ ወንበር ጽኑ ነው።»

ሚሊሜትር አልተቀመጠም። መንገዱን ሙሉ ያጠናውን ሁሉ ረሳው። «እንጨቱ አብጦ ነበር» አለ። «ዝናቡ ነው። መኪናህ ደንበኛ ነበረች። ትናንት ለሁሉም ነግሬያለሁ።»

ወንድሙ እንጨቱን ተቀብሎ አገላበጠው፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«የዚያኑ ቀን ማታ ጋራዡ ወለል ላይ ለካኋት። መቶ አንድ ነበረች። መቼም የለካሁት አንተ ባስተማርከኝ መንገድ ነው፤ ሦስቴ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ወንድሙ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ። «ለእማዬ ልነግራት በማግስቱ ሄድኩ። ገና በሩን ሳልዘጋ "ከሁለታችሁ አንዳችሁ ዋሽታችኋል፤ የዋሸው ቤቴ አይግባ" አለችኝ። ታውቃታለህ፣ ካለች አለች ነው። እንጨቱ ሊሳሳት ይችላል ብላት አይገባትም፤ ለሷ አንድ ልጅ ዋሽቷል። እኔ ቆዳዬ አለኝ፣ ቀልዴ አለኝ፣ ሰው ይወደኛል። አንተ ከዚያ ስምህ ሌላ ምን አለህ? ስለዚህ "እኔ ነኝ፣ ለውድድሩ ብዬ ዝቅ እንድትል ትንንሽ ጎማ አድርጌባት ነበር" አልኳት።»

ሚሊሜትር አሁን ተቀመጠ።

«ወሩን ሙሉ አላስገባችኝም። ኋላ እናት ናትና ሆዷ ባባ፤ ማረችኝ። መኪናዋ ውስጥ ግን አልገባ አለች። ሐሙስ ሲደርስ "ባጭበረበርክበት አልጫንም" ትለኛለች፤ በዚያ ጉልበቷ እያነከሰች አውቶቡስ ትጠብቃለች። እኔ ባዶ መኪና ይዤ በቀስታ ከኋላ ከኋላዋ እሄዳለሁ። ሦስት ሐሙስ እንዲህ አየኋት። በአራተኛው መኪናዋን ሸጥኳት።»

ሚሊሜትር እነዚያ ቅዳሜዎች በዓይኑ መጡበት፦ ሞልቶ የሚቀርብለት ሳህን፣ «ቀጥ ያልክ ልጅ»፣ «የአባትህ አጥንት»። ስድስት ዓመት ሙሉ በደስታ የዋጠው ምስጋና ወንድሙ ከራሱ ቀንሶ ያስቀመጠለት ነበር። ደግሞ ኩርፊያ ይለው ነበር!

«ብትነግረኝ ኖሮ…» አለ በመጨረሻ። «ለኔ ብቻ ብትነግረኝ…»

«ለካው ብዬህ ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለ ወንድሙ። በቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ከዚያ ወዲያ ደግሞ አንድ ቀን ራሱ ይለካዋል ብዬ ጠበቅኩ። አንተ የማትለካው ነገር አለ እንዴ? እማዬ ሳታልፍ ይደርሳል ብዬ ነበር።»

ሚሊሜትር ዋንጫዋን ከከረጢቱ አውጥቶ ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀመጣት። ወንድሙ የተወለጋገደውን ደረቷን አይቶ ፈገግ አለ፤ «ውይ፣ ይቺ ነበረች እንዴ? ትልቅ ትመስለኝ ነበር» አለ። ትንሽ ዳሰሳትና ወደ ዳር ገፋት፣ ለሥራው ቦታ ይዛበት ነበር።

ከዚያ ሰፊውን ቆዳ ዘረጋና «ና እስቲ ያን ጫፍ ያዝልኝ፣ እየተንሸራተተ አስቸግሮኛል» አለው። ሚሊሜትር ተነሥቶ ጫፉን ያዘ። እንባው ጉንጩን አልፎ አገጩ ላይ ሲንጠባጠብ አልጠረገውም፤ ሁለት እጁም ተይዟል። ወንድሙ አንገቱን ደፍቶ መስፋቱን ቀጠለ።